ብርድ ለብሳ የምታቃጥለው የደጋ ፀሐይ

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ወሩ ኅዳር ነበር፣ ለሥራ ጉዳይ ወደ ጋይንት ሄጄ ነበር። ከደብረ ታቦር ወጥተን የጉናን ተራራ ጥግ ይዘን ስንጓዝ የተሳፈርኩት አይሱዙ ላይ፣ ያውም ከጭነቱ በላይ ነው። ነፋሱ ፊት ይገርፋል። ጋቢዬን እስከ አንገቴ ተጠቅልዬ፣ ፊቴን ለፀሐይ ሰጥቼ፣ «እሰይ፣ ትንሽ ሙቀት» እያልኩ ነበር የተጓዝኩት። በሦስተኛው ቀን ወገዳ ስገባ የታችኛው ከንፈሬ ውኃ ቋጥሮ አብጧል፤ አፍንጫዬ ተልጧል። ያረፍኩበት ቤት ባለቤት፣ በዕድሜ እናቴን የሚሆኑ ሴት፣ ገና ሲያዩኝ «ምች መትቶሃል ልጄ፤ ፀሐይ ላይ ምን አዋለህ?» አሉኝ። «በዚህ ብርድ ምን ፀሐይ አለ እማማ!» ብዬ ሳቅኩ። መልስ አልሰጡኝም። ወደ ጓሮ ወጥተው ዳማከሴ ቀጥፈው ተመለሱ።

«ምች» የሚባል በሽታ በሐኪሞች መጻሕፍት ውስጥ የለም። ነገር ግን እኚያ እናት ከእኔ የተሻለ ያወቁት ነገር ነበር። ከንፈሬን የጎዳው ብርዱ ወይም ነፋሱ ብቻ ሳይሆን ፀሐይዋ ነበረች። እኔን ያሳሳተኝ ደግሞ ብዙዎቻችንን የሚያሳስት ነገር ነው፤ ፀሐይን የምንለካው በሙቀቷ መሆኑ።

ከፀሐይ ወደ እኛ የሚመጣው ጨረር አንድ ዓይነት አይደለም። በዓይናችን የምናየው ብርሃን አለ። ከእርሱ ወዲህ ሞገዱ ረዘም ያለ፣ ቆዳችን «ሞቀኝ» የሚልበት ኢንፍራሬድ የሚባለው ጨረር አለ። ከሚታየው ብርሃን ወዲያ ደግሞ ሞገዱ አጠር፣ ጉልበቱ ከፍ ያለ አልትራ ቫዮሌት የሚባለው ጨረር አለ። ይህ ሦስተኛው አይታይም፤ አይሞቅም፤ አያቃጥልምም፣ ቢያንስ በዚያች ሰዓት። ቆዳችን ሙቀትን የሚነግረን ነርቭ አለው፤ አልትራ ቫዮሌትን የሚነግረን ግን የለውም። ጉዳቱን የምናውቀው ከሰዓታት በኋላ ቆዳው ሲቆጣ፣ አለዚያም ከዓመታት በኋላ ነው።

በበሽሎ ሸለቆ ያለ ቆለኛ ቀትር ላይ ሙቀቱ ራሱ ገፍቶ ጥላ ሥር ያስገባዋል። የጋይንት ደገኛ ግን በተቃራኒው ብርዱ ከቤት አስወጥቶ ፀሐይ ያስሞቀዋል። ጨረሩ የሚበረታው ደግሞ በደገኛው ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከባሕር ጠለል በላይ በየ1 ሺህ ሜትሩ ከፍታ የአልትራ ቫዮሌት መጠን 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ከፍ ባልን ቁጥር ጨረሩን የሚያጣራው አየር ከራሳችን በላይ እየሳሳ ይሄዳል። ንፋስ መውጫ ከባሕር ጠለል በላይ 3 ሺህ ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የጉና ጫፍ ከ4 ሺህ ሜትር ያልፋል። እንግዲህ በጠራ ሰማይ ንፋስ መውጫ ላይ የቆመ ሰው ምጽዋ ወደብ ላይ ከቆመው ይልቅ ሲሶ ያህል የበለጠ አልትራ ቫዮሌት ይቀበላል ማለት ነው። ምጽዋ ያለው ላቡ ይንቆረቆራል፤ ንፋስ መውጫ ያለው ጋቢ ይደርባል።

ሌላው ምክንያት አገራችን ያለችበት ቦታ ነው። ወገዳ፣ መካነ ኢየሱስ፣ አርብ ገበያና ንፋስ መውጫ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ11ኛውና በ12ኛው ዲግሪ መካከል ይገኛሉ። በዚህ ስፍራ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በትክክል አናት ላይ ትቆማለች፤ አንዱ ሚያዝያ 12 አካባቢ ሲሆን ሁለተኛው ነሐሴ አጋማሽ ላይ ነው። የነሐሴውን ክረምቱ በደመናው ይጋርደዋል። የሚያዝያውን የሚጋርድ ነገር የለም። አናት ላይ ያለች ፀሐይ ጨረሯ አየሩን የሚያቋርጠው በአጭሩ መንገድ ስለሆነ የሚጣራው ጥቂት ነው። በቀን ውስጥም እንዲሁ ነው፤ የዕለቱ አልትራ ቫዮሌት አብዛኛው የሚወርደው ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ሰዓት የሌለው ሰው ጥላውን ይመልከት። ጥላው ከቁመቱ ካጠረ ፀሐይዋ ብርቱ ናት።

አሁን ወደ ቆዳው ውስጥ እንግባ። የላይኛው የቆዳችን ንብርብር ከሥሩ እየተራባ ወደ ላይ የሚወጣ፣ ላይ ደርሶ የሚረግፍ የሕዋሳት ክምር ነው። ሙሉ በሙሉ ለመታደስ አንድ ወር ያህል ይፈጅበታል። ይህን ሁሉ ሥራ የሚሠሩት ከታች ያሉት፣ ያለማቋረጥ የሚከፋፈሉት ሕዋሳት ናቸው። እያንዳንዱ ሕዋስ በእምብርቱ ውስጥ የሥራ መመሪያው የተጻፈበት ዲኤንኤ የሚባል ረጅም ክር አለው። ዲኤንኤን እንደ ዚፕ ያስቡት። ሁለት ጎን ለጎን የሚሄዱ ጥርሶች አሉት፤ የግራው ጥርስ ከቀኙ ጥርስ ጋር ይገጥማል። መመሪያው ሲነበብም ሲገለበጥም ዚፑ ይከፈታል።

ከአልትራ ቫዮሌት ውስጥ «ቢ» የሚባለው ክፍል፣ ማለትም የሞገድ ርዝመቱ ከ280 እስከ 315 ናኖ ሜትር ያለው፣ ዲኤንኤ ላይ በቀጥታ ያርፋል። ሲያርፍም በአንድ ጎን ያሉ ሁለት ጎረቤት ጥርሶችን እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል። ጥርሶቹ ብዙውን ጊዜ ቲሚን የሚባሉት ናቸው። ከፊት ለፊታቸው ካለው ጋር መግጠም ሲገባቸው ጎን ለጎን ተጣብቀው ይጎብጣሉ። ዚፑ እዚያች ቦታ ላይ ይነክሳል። ብርቱ ፀሐይ ላይ በዋለ ቆዳ በአንድ ሕዋስ ውስጥ ብቻ እንዲህ ያለው ጉዳት በሺዎች ሊቆጠር ይችላል።

እንዲህ ከሆነ ታዲያ እንዴት ሁላችንም አልታመምንም? ሕዋሱ የራሱ ጠጋኝ አለው። የተወሰኑ ፕሮቲኖች ክሩን እየዳሰሱ ይሄዱና የጎበጠውን ቦታ ሲያገኙ ግራና ቀኙን ቆርጠው ያወጡታል፤ ባዶውን ቦታ ደግሞ ትይዩውን ጎን እንደ ልክ ተጠቅመው ይሞሉታል። ልብስ ሰፊ የተቃጠለውን ቆርጦ ጣፋ እንደሚያደርገው ማለት ነው። ጉዳቱ ከጥገና በላይ ከሆነ ፒ 53 የሚባል ፕሮቲን ሕዋሱ ራሱን በራሱ እንዲያጠፋ ያዝዘዋል። ፀሐይ ካቃጠለን ከጥቂት ቀናት በኋላ ቆዳችን የሚላጠው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የተላጠው አፍንጫዬ ራሳቸውን የሠዉ ሕዋሳት ሬሳ ነበር ማለት ይቻላል።

የዚህ ጥገና ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ያወቅነው በሌላቸው ሰዎች ነው። ዜሮደርማ ፒግመንቶሰም የሚባል ከወላጅ የሚወረስ በሽታ አለ። ልጆቹ በሕፃንነታቸው ፊታቸው በነጠብጣብ ይሞላል፤ ገና በለጋ ዕድሜያቸው የቆዳ ካንሰር ይይዛቸዋል። ተመራማሪው ጄምስ ክሊቨር እ.ኤ.አ. በ1968 እንዳሳየው የእነዚህ ልጆች ሕዋስ የጎደለው ነገር ያ ጠጋኝ ነው።

ጤነኛ ሰውም ቢሆን ጠጋኙ አልፎ አልፎ ያመልጠዋል። ያልተጠገነው ቦታ ሲገለበጥ ፊደል ይሳሳታል። ስሕተቱ በማይረባ ቦታ ላይ ካረፈ ምንም አይደለም። በፒ 53 መመሪያ ላይ ካረፈ ግን ዘበኛው ራሱ ተመታ ማለት ነው። ያ ሕዋስ ከዚያ በኋላ ቢበላሽም ሙት የሚለው አይኖርም። ይህ ሁሉ ግን ዓመታትን ይፈልጋል። የልጅነት ፀሐይ በጎልማሳነት የሚከፈለው ለዚህ ነው።

«ኤ» የሚባለው የአልትራ ቫዮሌት ክፍል ጉልበቱ ዝቅ ያለ ቢሆንም ወደ ውስጥ ጠልቆ ይገባል። ኦክስጅንን እያናደደ፣ ቆዳን ወጥሮ የሚይዘውን ኮላጅን የተባለ ፕሮቲን ይበጣጥሳል። መጨማደድ የሚመጣው ከዚህ ነው። የመኪና የጎን መስታወት «ቢ»ን ሲያስቀር «ኤ»ን ያሳልፋል፤ የረጅም መንገድ ሾፌሮች በመስኮት በኩል ያለው ጉንጫቸው ቀድሞ ሊያረጅ ይችላል። «ሲ» የሚባለውን፣ ከሁሉም የከፋውን፣ የኦዞን ንብርብር እዚያው ላይ ያስቀረዋል።

ጥቁር ቆዳ የዚህ ሁሉ መከላከያ ነው። ሜላኒን የሚባለው ቀለም በሕዋሱ እምብርት ላይ እንደ ባርኔጣ ይቀመጣል፤ ጨረሩ ዲኤንኤው ዘንድ ሳይደርስ ይውጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1979 የታተመ ጥናት የጥቁር ሰዎች የላይኛው ቆዳ ከ13 እጥፍ በላይ፣ የነጮቹ ደግሞ 3 እጥፍ ያህል መከላከያ እንደሚሰጥ ለክቶ አሳይቷል። በአገራችን ከፀሐይ የሚመጣ የቆዳ ካንሰር እንደ አውስትራሊያ የማይበዛው ለዚህ ነው። በዚህ መሐል ግን ፊት አቅልሎ ለመታየት ሲባል ሃይድሮኪኖን፣ ስቴሮይድ፣ አንዳንዴም ሜርኩሪ ያለባቸውን ክሬሞች የሚቀቡ አሉ። ማድያትን ለማጥፋት ተብሎ የሚጀመረውም ብዙ ነው። በገዛ ገንዘብ ባርኔጣን አውልቆ መጣል ነው። ማድያት ራሱ በፀሐይ የሚብስ ነገር መሆኑን የሚነግራቸው ሻጭ ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ።

ባርኔጣው ከመጀመሪያውኑ የሌላቸውም አሉ። አልቢኒዝም ያለባቸው ወገኖቻችን ሜላኒን የሚሠሩ ሕዋሳት አሏቸው፤ ቀለሙን ለመሥራት የሚያስፈልገው መመሪያ ግን ጎድሏል። አባትም እናትም፣ ሁለቱም ቀለማቸው እንደ ማንኛችንም ሆኖ፣ የጎደለውን መመሪያ ሳያውቁት ተሸክመው ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ እያንዳንዱ የሚወልዱት ልጅ ከአራት አንድ ዕድል አለው። እርግማን አይደለም፤ እናትየው ከሌላ ወለደች የሚለው ሐሜትም ከንቱ ነው። ለምጽም አይደለም። ለምጽ ጤነኛ ሆኖ በተወለደ ቆዳ ላይ በኋላ የሚመጣ ነው።

በደጋ የተወለደ አልቢኒዝም ያለበት ሕፃን ፀሐይን የሚጋፈጠው ከሁሉም ያነሰ መከላከያ ይዞ ከሁሉም በበረታ ጨረር ሥር ነው። ያውም ከብት ጥበቃ፣ እሸት ጥበቃ፣ ወፍ ማባረር የልጆች ሥራ በሆነበት አገር። ትምህርት ቤትም ቢሄድ ዓይኑ ሩቅ ስለማያይለት ሰሌዳው ይደበዝዝበታል፤ ከፊት ካልተቀመጠ ይወድቃል፤ ሲወድቅ «ሰነፍ» ይባላል፤ ትምህርቱን ትቶ ወደ ማሳ ይመለሳል፤ ማሳው ላይ ፀሐይዋ ትጠብቀዋለች። ስለዚህ ለዚህ ልጅ የፊት ወንበር የቆዳ ሕክምናም ጭምር ነው ብል አላጋነንኩም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሰኔ 6 ቀን የአልቢኒዝም ቀን ሆኖ እንዲከበር ወስኖ ከእ.ኤ.አ. 2015 ጀምሮ ይከበራል። ቀኑ መከበሩ መልካም ነው፤ ለልጁ የሚያስፈልገው ግን ዙሪያውን ሰፊ የሆነ ባርኔጣ፣ እጅጌው ረጅም የሆነ ሸሚዝና እረኝነቱን በማለዳና በማታ የሚያደርግለት ቤተሰብ ነው። የፀሐይ መከላከያ ቅባት ጥሩ ነገር ነው፤ ነገር ግን ዋጋው ለገጠር ሰው የሚቀመስ አይደለም፤ በየሁለት ሰዓቱ ካልተደገመም አይሠራም። ጥቅጥቅ ያለ ልብስ ይበልጣል። አራት እጥፍ የሆነው ጋቢ ጨረሩን በደንብ ያግዳል፤ ስስ ነጠላ ግን በተለይ በላብ ወይም በዝናብ ሲርስ ብዙውን ያሳልፋል።

ወደ ምች ልመለስ። ብዙውን ጊዜ ከንፈር ላይ ውኃ ቋጥሮ የሚወጣውን ቁስል የሚያመጣው ኸርፐስ የሚባል ቫይረስ ነው። ብዙዎቻችን በልጅነታችን እንያዘዋለን፤ ከዚያ ነርቭ ውስጥ ገብቶ ይተኛል። አልትራ ቫዮሌት በቆዳ ውስጥ ያሉትን የመከላከያ ሕዋሳት ለጥቂት ቀናት ያደክማል። ዘቡ ሲደክም የተኛው ይነቃል። «ፀሐይ መታው፣ ምች ወጣበት» የሚለው የአባቶቻችን አነጋገር እዚህ ላይ ትክክል ነው። ሰው ምች ብሎ የሚጠራው ሁሉ ግን ኸርፐስ አይደለም። ራስ ምታትና ትኩሳት ያለበትን ሁሉ በዳማከሴ ማቆየት ወባን ወይም ታይፎይድን ማቆየት ሊሆን ይችላል።

ዳማከሴው ጉዳት አላደረሰብኝም። በጤና አዳምና በሎሚ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጤና አዳም በቡና ውስጥ ሲጠጣ ግሩም ነው፤ ጭማቂው ቆዳ ላይ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ ሲወጣ ግን ሌላ ነገር ይሆናል። በውስጡ ያሉ ንጥረ ነገሮች አልትራ ቫዮሌት ሲያገኛቸው ዲኤንኤ ላይ ይጣበቃሉ። በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ቆዳው እንደ ፈላ ውኃ እንደነካው ውኃ ይቋጥራል፤ ጠባሳው ለወራት ጠቁሮ ይቆያል። የሎሚ ጭማቂም እንዲሁ ነው። ፊት ለማጥራት ብላችሁ ሎሚ ተቀብታችሁ ገበያ የምትወጡ እህቶች ይህን አስቡበት።

ዓይንም ይጎዳል። ለዓመታት የሚወርድ ጨረር የዓይን ሞራ እንዲመጣ ያግዛል፤ ከዓይን ነጩ ክፍል ተነስቶ ወደ ብሌኑ የሚያድገው ሥጋ መሰል ነገርም ከፀሐይና ከአቧራ ጋር የተያያዘ ነው። ኤች አይ ቪ ባለባቸው ሰዎች ላይ ደግሞ በዚያው ነጭ ክፍል ላይ የሚወጣ ካንሰር በምሥራቅ አፍሪካ የታወቀ ስለሆነ፣ በዓይን ላይ የሚያድግን ነገር «ሞራ ነው» ብሎ መተው አይገባም።

እዚህ ላይ አንባቢ «እንግዲያው ፀሐይን እንሽሽ?» ሊል ይችላል። አይደለም። ሕፃናት ለአጥንታቸው የሚያስፈልጋቸውን ቫይታሚን ዲ የሚያገኙት ቆዳቸው በዚያው በአልትራ ቫዮሌት «ቢ» ሲነካ ነው። በጨርቅ ተጠቅልለው፣ «ቡዳ ያያቸዋል» እየተባለ ቤት ውስጥ የሚያድጉ ሕፃናት እግራቸው የሚንጋደድበት ሪኬትስ የተባለው በሽታ፣ ፀሐይ በሞላባት አገራችን ሐኪሞች በየጊዜው የሚያዩት ነው። ሕፃንን ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት ለአጭር ጊዜ ፀሐይ ማሞቅ ሊተው የማይገባው ነገር ነው።

«ጨረራ» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ኤክስሬይንና ኮባልትን ነው። እነዚህ ጉልበታቸው ከአልትራ ቫዮሌት እጅግ የበለጠ ነው። ጥርሶቹን ከማጣበቅ አልፈው የዚፑን ሁለቱንም ጎን ይበጥሳሉ፤ በሕዋሱ ውስጥ ያለውንም ውኃ እየሰነጠቁ ዲኤንኤን የሚያጠቁ ቁርጥራጮች ይፈጥራሉ። ሁለቱም ጎን ከተበጠሰ ጠጋኙ የሚያይበት ልክ አይኖረውም። ሰው ይህን የተማረው በቆዳው ነው። ሄንሪ ቤክሬል እ.ኤ.አ. በ1901 ራዲየም በኪሱ ይዞ ሲዞር ቆዳው ቆሰለ፤ ፒየር ኩሪ ደግሞ ሆን ብሎ ክንዱ ላይ አስሮ ሞከረው። የኤዲሰን ረዳት የነበረው ክላረንስ ዳሊ እጆቹን በየቀኑ በኤክስሬይ ሥር እያስገባ ሲፈትሽ ኖሮ፣ ሁለቱም ክንዶቹ ተቆርጠው እ.ኤ.አ. በ1904 በካንሰር ሞተ።

ይህን ያነበበ ሰው የደረት ራጅ ልነሣ ሲባል እንዳይፈራ። አንድ የደረት ኤክስሬይ የሚሰጠው ጨረር 0.1 ሚሊ ሲቨርት ያህል ነው፤ ከአፈርና ከሰማይ በተፈጥሮ በዓመት የምንቀበለው ግን በአማካይ 2.4 ነው። ቆዳን ለማቅላት ከራጁ ብዙ ሺህ እጥፍ ያስፈልጋል።

ያ መጠን የሚሰጠው ለካንሰር ሕክምና ነው። ለሁለት አሥርት ዓመታት ያህል የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና የነበረው በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነው፤ ከጋይንትም ከስማዳም የሚመጣ ታካሚ ወረፋ የሚጠብቀው እዚያው ነበር። ከዚያ ወዲህ ጅማን ጨምሮ ሌሎች ሆስፒታሎች ጀምረዋል። በሕክምናው ሁለተኛና ሦስተኛ ሳምንት ላይ ጨረሩ ያረፈበት ቆዳ ይቀላል ወይም ይጠቁራል፤ ይደርቃል፤ አንዳንዴም ይልጥና ይረጥባል። ጨረሩ ካንሰሩን ለመድረስ የሚያልፈው በቆዳ ውስጥ ነውና፣ እነዚያ ያለማቋረጥ የሚከፋፈሉት የታችኛው ንብርብር ሕዋሳት አብረው ይመታሉ። የሞቱትን የሚተካ ሲያንስ ቆዳው ይሳሳል። ሕክምናው ካለቀ በኋላ አብዛኛው በሳምንታት ውስጥ ይድናል። «አቃጠሉኝ» ብሎ አቋርጦ ወደ አገር መመለስ ግን ካንሰሩን መልሶ ማንሣት ነው። ቦታውን በውኃና ለስላሳ ሳሙና ብቻ ማጠብ፣ ሐኪም ያላዘዘውን ቅባት፣ ቅቤና ቅጠል አለመቀባት፣ ከፀሐይ መጋረድ ይበቃል።

ከፀሐይ ጋር የማይገናኙ ሁለት ነገሮች ካልጠቀስኩ ጽሑፉ አሳሳች ይሆናል። አንደኛው የቆየ ጠባሳ ነው። በልጅነት ምድጃ ላይ ወድቆ የተቃጠለ እግር፣ ለዓመታት እየደረቀ መልሶ የሚከፈት ቁስል፣ ወደ ካንሰር ሊለወጥ ይችላል። ሁለተኛው በእግር መርገጫ፣ በመዳፍ ወይም በጥፍር ሥር የሚወጣ ጥቁር ነጠብጣብ ነው። በ1997 ዓ.ም. 60ኛ የልደት በዓሉ በመስቀል አደባባይ የተከበረለት ቦብ ማርሌይ በ36 ዓመቱ የሞተው ከእግሩ ጣት ጥፍር ሥር በጀመረ ሜላኖማ ነው። በጥቁር ሰው ላይ ሜላኖማ በብዛት የሚወጣው እንዲህ ባለው ቦታ ነው። በባዶ እግሩ የሚያርስ ሰው እሾህ የወጋው መስሎት ሊተወው ይችላል።

ስለዚህ ከአንድ ወር በላይ ያልዳነ ቁስል፣ የሚደማና ጠርዙ የሚጠነክር እብጠት፣ የሚሰፋ ጥቁር ነጠብጣብ ያለው ሰው ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ከዚያ ወደ ደብረ ታቦር ወይም ባሕር ዳር ሆስፒታል ሪፈር ይጠይቅ። በቆዳ ሕክምና የታወቁት በአዲስ አበባ አለርት፣ በደሴ አቅራቢያ ደግሞ ቦሩ ሜዳ ናቸው። ቁስሉ ተቆርጦ ከወጣ ቁራጩ ወደ ፓቶሎጂ ላቦራቶሪ መላኩን ይጠይቁ፤ ካንሰር መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው በዚያ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ ስላለ፣ እስኪከፈት ድረስ ቁስሉን በሞባይል ፎቶ ማንሣትና አጠገቡ የክብሪት እንጨት አድርጎ በየሁለት ሳምንቱ መድገም ለሐኪሙ ብዙ ነገር ይነግረዋል። የክብሪት እንጨት ያልኩት ፎቶ ላይ መጠኑን ለማወቅ ነው፤ በየቤቱ ይገኛል፣ ርዝመቱም አንድ ነው።